ደም፣ ወዝ፣ ደመወዝ

ካናዳ ውስጥ ሁለት ጆን ታቫሬስ አሉ። አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው፤ ሞክሼነታቸው የቤተሰብ ነው። የወንድም ልጁ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ጋር ለሰባት ዓመት ሲፈርም የውሉ ዋጋ 77 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አጎቱ ላክሮስ ይጫወት ነበር። ከ1992 እስከ 2015፣ 24 የውድድር ዘመን፣ በቤት ውስጥ ላክሮስ ሊግ ሌላ ማልያ ሳይለብስ ለበፋሎ ባንዲትስ ተሰልፎ 815 ጎል አገባ። የቤት ውስጥ ላክሮስን የሚያውቁ ሰዎች የምንጊዜም ታላላቆችን ሲቆጥሩ ከእሱ ይጀምራሉ። ይኸው ሰው ለብዙ ዓመታት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቶሮንቶ አጠገብ ባለችው በሚሲሳጋ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር።

የገንዘቡን ልዩነት ገበያ ያስረዳዋል፤ እዚያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። አጎትየውን አንድ እንግዳ ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ቢለው ምን ብሎ ይመልሳል? የሚያስተምር ተጫዋች ነው ወይስ የሚጫወት መምህር? አንድ ሰው ሊሆን የሚችለውን ትልቁን ነገር ሆኖ፣ ያ ነገር ግን እንጀራው ሳይሆን ሲቀር፣ ምን ብለን እንጠራዋለን?

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ተጫዋቹ ጫፉ ላይ መረብ ያለው ዱላ ይይዛል፤ ድፍን የጎማ ኳስ በመረቡ ይቀልባል፣ ተሸክሞ ይሮጣል፣ ያቀብላል፣ ወደ ግብ ይወረውራል። በሜዳ ላይ አሥር ለአሥር ይጫወቱታል። የቤት ውስጡ ግን በሆኪ አዳራሽ፣ በረዶው ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎ፣ በሰሌዳ አጥር ተከብቦ፣ በአምስት ተጫዋችና በአንድ ግብ ጠባቂ ነው። ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ መምታት አለበት። ጠንካራ ምት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። ተከላካዩ በትከሻ ይገፋል፣ በዱላው ዱላን ይመታል፣ ዱላውን ሲስት ክንድ ያገኛል። ከጨዋታ ማግስት ክንዱ ያልጠቆረ አጥቂ አይገኝም።

ውድድሩ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ የሚውለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊጉ በ1987 በአራት ቡድን ሲጀመር ተጫዋቾቹ የሌላ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ መምህራን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ፖሊሶች። ዓርብ ከሥራ ይወጣሉ፣ አውሮፕላን ይሳፈራሉ ወይም መኪና እየነዱ ድንበር ይሻገራሉ፣ ቅዳሜ ማታ በሺዎች ፊት ይጫወታሉ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገበታቸው ላይ ይገኛሉ። ይህ ኑሮ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በቶሮንቶም በዋሽንግተንም፣ ሳምንቱን ታክሲ ሲነዳ ሰንብቶ እሁድ ሌሊት መቋሚያና ጸናጽሉን ይዞ ማኅሌት የሚቆም መሪጌታ አለ። ሥራው ሲጠየቅ ታክሲ ነጂ ነኝ ይላል። ሰው የሞተበት ሐዘንተኛ ግን በሌሊት የሚደውለው ለታክሲ ነጂው አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚረዳን ይመስለኛል። ፕሮፌሽናል የሚለው ቃል ስፖርት ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ ተከፋይ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ባለሙያ የሚለው ቃላችን ስለ ክፍያ ጠይቆ አያውቅም። ጎረቤት እናቴን ባለሙያ ሲላት ለዶሮ ወጧ ማንም ሰባራ ሳንቲም ከፍሏት አልነበረም። ሽንኩርቱ ውኃውን እስኪጨርስ የታገሠችው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳታበላሽ ያወጣችው፣ እንግዳው ማን ይሁን ማን አንድ ዓይነት ወጥ የሠራችው፣ ባለሙያ ስለሆነች ነው። ደመወዝ ግን ሌላ ቃል ነው። ደምና ወዝን ገጥሞ የያዘ፣ ሰው ሁለቱን አፍስሶ የሚቀበለው። ታቫሬስ ላይ እነዚህ ሁለት ነገሮች ተለያዩ። ከቡድኑ የሚያገኘው ነገር ነበር፤ ቤተሰብ የሚያኖር ግን አልነበረም። ደሙንና ወዙን በፋሎ አዳራሽ ያፈስሳል፤ ቤቱን የሚያቆምለትን ደመወዝ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይቀበላል።

እንዲህ ዓይነቱን ሕይወት ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ምስጋና አለ፤ «ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር የሚጫወት ንጹሕ ሰው» እንላለን። እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። የጨዋታውን ታሪክ ሳውቅ ግን ምስጋናው በአፌ መረረብኝ።

ላክሮስን የፈጠሩት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በ1630ዎቹ ከእነሱ አንዱ በሆኑት በሂውሮኖች መካከል ይኖር የነበረ ዣን ደ ብሬቤፍ የሚባል የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ስለ ጨዋታው ሲጽፍ ዱላውን «ክሮስ» አለው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ቆልማማ ዱላን ይጠራል፣ የጳጳስ በትርንም ይጠራል። በ1867 ዊልያም ጆርጅ ቢርስ የሚባል የሞንትሪያል የጥርስ ሐኪም ሕጉን በጽሑፍ አወጣ፣ የተጫዋቹን ቁጥር ወሰነ፣ የጎማ ኳስ አስገባ። ካናዳም ጨዋታውን የራሷ አደረገችው። በ1880 ደግሞ የካናዳ ላክሮስ ማኅበር በስሙ ላይ «አማተር» የሚል ቃል ጨመረ። አማተር ማለት ሳይከፈለው የሚጫወት ማለት ነው። ነባሮቹ ተጫዋቾች ከመንደራቸው ከተማ ድረስ ለመምጣት የመንገድ ገንዘብ ይቀበሉ ስለነበር ፕሮፌሽናሎች ናችሁ ተባሉ፤ ከሻምፒዮና ውድድርም ታገዱ።

ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የጥርስ ሐኪም ለፍቅር ብቻ መጫወት ይችላል፤ እንጀራው ሕክምና ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከደኑ፣ ከእርሻው፣ ከጉልበት ሥራው ተነሥቶ የሚመጣው ሰው ግን ለስንቁና ለባቡሩ መክፈል አለበት፤ የቀረበት ቀንም የራት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ፍቅር ንጹሕ ሆነ፣ የእሱ ፍቅር የተበከለ። ስጦታውን የሰጡት ሰዎች ከገዛ ስጦታቸው ደጃፍ ተመለሱ። የመለሳቸውም ቃል «ፕሮፌሽናል» የሚለው ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለ ደመወዝ መጫወትን እንደ ቅድስና ሊሰብክልኝ የሚመጣን ሰው አልሰማውም። ድህነት ለማንም ንጽሕና አይሰጥም።

ታዲያ የታቫሬስን 24 ዘመን ምን ላድርገው? ገንዘብ አያስረዳውም። ንጽሕና የሚለውን ደግሞ ጣልኩት።

መልሱን ያገኘሁ የመሰለኝ ከዚያው ከተባረሩት ሰዎች ዘንድ ነው። ሞሃክ፣ ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋ፣ ሴኔካና ቱስካሮራ በአንድነት ሆዲኖሾኒ ይባላሉ። ለእነሱ ጨዋታው የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ መድኃኒትም ነው። መድኃኒት የሚሉት በምሳሌ አይደለም። ሰው ሲታመም፣ ማኅበረሰቡ ሲጨነቅ፣ ጨዋታ ይጠራል፤ ወንዶቹ የእንጨት ዱላቸውን ይዘው ወጥተው ስለዚያ ሰው ይጫወታሉ። በ1815 ሃንድሰም ሌክ ተብሎ የሚታወቀው የሴኔካ ነቢይ ኦኖንዳጋ ላይ ሊሞት ሲያጣጥር ልቡ ደስ እንዲለው ተጫውተውለታል። ያንን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ ማን ይጠይቃል? አልጋው ላይ የተኛው ሰው ጩኸቱንና ሩጫውን ሰምቷል፤ ለእሱ እንደተሮጠ አውቋል።

ዱላው ራሱ ከዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ይፈለጣል፣ በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ለወራት ይደርቃል፣ ከዚያ ይጠረባል። መረቡ በድሮው ልማድ የእንስሳ ቆዳ ነው። ዛፉ ሕይወቱን ሰጥቷል፣ አጋዘኑ ሕይወቱን ሰጥቷል፤ ሦስተኛው ሰጪ ሯጩ ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድ ትንሽ ዱላ ይሰጠዋል፤ ሲሞትም ዱላው አብሮት ይቀበራል።

በዕዳና በውለታ መካከል ያለውን ልዩነት እኛ እናውቀዋለን። ዕዳ ይከፈላል፤ ከተከፈለ በኋላ አበዳሪውና ተበዳሪው መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ውለታ ግን ይመለሳል እንጂ ተከፍሎ አያልቅም፤ በተመለሰ ቁጥር ሰዎቹን ይበልጥ ያስተሳስራቸዋል። ደመወዝ የዕዳ ወገን ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ሒሳብ ይዘጋል። መዝጋቱም ደግ ነገር ነው፤ ሰውን ከጌታ ጥገኝነት ያወጣል። ሆዲኖሾኒዎች ጨዋታው ስጦታ ነው ሲሉ ግን ከተጫዋቹ በፊት የተጀመረ፣ እሱም የማይዘጋው ውለታ አለ ማለታቸው ነው። ተጫዋቹ ተከፈለውም አልተከፈለውም ውለታው እንዳለ ነው። ክፍያው ከሌላ መዝገብ ነውና።

ገና ጨዋታን ያየ አበሻ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። እረኞች የልደቱን ብሥራት ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል፤ የገና ዱላ የእረኛ በትር ነው። በዚያ ቀን ጥንጉን ተከትሎ የሮጠው ባላገር ጌታውን በዱላ ቢነካው ቁጣ የለም፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»። ፈረንሳዩ ሚሲዮናዊ በባዕድ ጫካ ያየውን ዱላ በጳጳስ በትር ስም መጥራቱን ሳስብ፣ የጳጳሱም በትር መነሻው የእረኛ መሆኑን ሳስብ፣ ሳያውቀው እውነት የተናገረ ይመስለኛል።

ላይል ቶምሰን በ1992 የተወለደ የኦኖንዳጋ ልጅ ነው፤ ወንድሞቹም ተጫዋቾች ናቸው። በ2014 ከወንድሙ ከማይልስ ጋር የቴዋራቶን ሽልማትን ተካፈለ። ሽልማቱ ለአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች የሚሰጥ ሲሆን ስሙ የተወሰደው ሞሃኮች ጨዋታውን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ከ2001 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቶ የጨዋታው ባለቤት ከሆነው ሕዝብ ሰው እጅ የገባው ያኔ ነው። በማግሥቱ ዓመት ላይል ብቻውን ደገመው፤ ከአልባኒ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ 400 ነጥብ በስሙ ተመዝግቦ ነበር። ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆነ። በ2017 ከጆርጂያ ስዋርም ጋር ዋንጫ አነሣ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ።

ይህ ሰው ይከፈለዋል። ቅድመ አያቶቹ የተባረሩበትን ስም እሱ ተሸክሞ ሜዳ ይገባል፤ ጨዋታውም ለእሱ መድኃኒት መሆኑ አልቀረም። ጀርባው ላይ የሚወርደው ረጅም ሹሩባው የሕዝቡ ልማድ ነው። በ2019 ፊላደልፊያ ውስጥ የአዳራሹ አስተዋዋቂ ያንን ሹሩባ ስለ መቁረጥ በድምፅ ማጉያ ተናገረ፤ ተመልካችም አብሮ ጮኸ። የባለሜዳው ቡድን ይቅርታ ጠይቆ አስተዋዋቂውን አሰናበተ። ደመወዝ የሚቀበልበት አዳራሽ ውስጥ ደሙ ሲሰደብ ተጫዋቹ ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሳስብ፣ የውድድር ውል የማይጽፈው ብዙ ነገር እንዳለ ይታየኛል።

የሆዲኖሾኒ ብሔራዊ ቡድን በዚህ ረገድ ከአንድ ሰው በላይ ከፍሏል። ቡድኑን በ1983 ከመሠረቱት አንዱ ኦረን ላየንስ ነው፤ በ1957 ሳይሸነፍ የውድድር ዘመኑን በጨረሰው የሰራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ግብ ጠባቂ የነበረ፣ በኋላ የኦኖንዳጋ የእምነት ጠባቂ የሆነ ሰው። ቡድኑ በ1990 ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ላይ በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናው ተሰለፈ፤ ከ1880ው እገዳ 110 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2010 ውድድሩ ማንቸስተር ነበር። ተጫዋቾቹ የሆዲኖሾኒ ፓስፖርት ይዘው ኒው ዮርክ ደረሱ፤ የብሪታንያ መንግሥት አልቀበልም አለ። በአሜሪካ ወይም በካናዳ ፓስፖርት መሄድ ይችሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ማውጣት መብታቸው ነው። አላደረጉትም። የአንድ ተጫዋች ጉልበት የሚቆይበት ዘመን አጭር ነው፤ የዓለም ሻምፒዮና በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እነዚያ ወጣቶች ከእጃቸው የጣሉት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ላክሮስ በ2028 በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ ይመለሳል፤ ኦሊምፒክ ደግሞ የሚያውቀው ብሔራዊ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ያለውን ሀገር ነው። ያው የፓስፖርቱ ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ ቆሟል።

ስለ ደመወዝ የተናገርኩትን ችላ እንዳልል ፖል ራቢልን ላንሣ። በ2008 የሜዳው ሊግ ሁሉን ቀድሞ የመረጠው ተጫዋች ነበር። የዚያ ሊግ ክፍያ ትንሽ ነበር፤ እሱ ስሙን ለድርጅቶች ማስታወቂያ አውሎ ኖረ። ሌሎቹ ጓደኞቹ ግን እንደ እሱ የሚሸጥ ስም አልነበራቸውም። በ2018 ከወንድሙ ከማይክ ጋር አዲስ ሊግ መሠረተ፤ በ2019 ጨዋታ ሲጀምር ለተጫዋቾቹ የጤና መድንና የአክሲዮን ድርሻ ይዞ መጣ። በ2020 መጨረሻ የድሮው ሊግ ከአዲሱ ጋር ተዋሐደ። ራቢል ያደረገው ትክክል ነው፤ ጉልበቱ የተሰበረ ሰው የሚታከምበት ያስፈልገዋል፣ ውለታ የሐኪም ሒሳብ አይከፍልም። አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር። ቡድኖቹ ሁሉ በየሳምንቱ አብረው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር እንጂ የእኔ የሚሉት ከተማ አልነበራቸውም። የጨዋታው ጥራት የሚያስደንቅ ሆኖ፣ ለማን እንደሚጫወቱ ለማየት ግን ያስቸግራል። በ2024 ለየቡድኑ የቤት ከተማ ተሰጠው። የገበያ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ ግን አልጋው ላይ የተኛውን ሰው የመፈለግ ያህል ቆጠርኩት።

በፋሎ ያንን ሰው አግኝታዋለች። ከከተማዋ አጠገብ፣ ላካዋና ላይ፣ በሺዎች ይቀጥር የነበረው የቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ በ1983 ብረት ማምረት አቆመ። ባንዲትስ የተነሣው በ1992 ነው። በዚያ መካከል ያደጉ ልጆች አባቶቻቸው ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ያዩ ናቸው። ክረምቱ የኤሪ ሐይቅ በረዶ የሚቆለልበት ነው። በዚያ ክረምት ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ይሞላል፤ ድንበር ተሻግሮ የመጣው የሒሳብ መምህርም ክንዱን እየተመታ በሁለት ተከላካይ መካከል ይሾልካል። ታቫሬስ እስከ 46 ዓመቱ እንዲህ ያደረገው ለምን እንደሆነ እሱ በየትኛው ቃል እንደሚገልጸው አላውቅም። እኔ ግን የታመመ ሰው በመስኮት በኩል ሩጫውን ሲሰማ ይታየኛል። ሆዲኖሾኒዎች በስሙ የሚጠሩትን ነገር ታቫሬስ ስም ሳያወጣለት ሲያደርገው የኖረ ይመስለኛል፤ ከበፋሎ ጋር የነበረው ሒሳብም በደመወዝ የሚዘጋ አልነበረም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላም አልተዘጋም። በኋላ የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ሆነ፤ ባንዲትስ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ዋንጫ ሲያነሡ ዳር ቆሞ የሚመራቸው እሱ ነበር።

ሞክሼውን፣ የ77 ሚሊዮኑን ባለቤት፣ እንዳልረሳው። ትንሹ ታቫሬስ በልጅነቱ ላክሮስም ይጫወት ነበር። በጠባብ ቦታ፣ ተከላካይ ጀርባው ላይ ተለጥፎበት፣ ዱላውን በገላው ከልሎ መቆየትን የቤት ውስጥ ላክሮስ ከማንኛውም ጨዋታ በላይ ያስተምራል፤ ከግብ ፊት የሚቆም የሆኪ አጥቂም የሚፈለግበት ይኸው ነው። አጎትየው ይህን ሲያደርግ የዚያ ቤት ልጆች እያዩ አድገዋል። በ2018 የተፈረመው ውል ስለ ገንዘብና ስለ ዓመታት ይናገራል፤ የአጎትየው ድርሻ አልተጻፈበትም።